ከቁጥር ወደ ፊደል፤ በቤት ለሚማር ልጅ የሒሳብ መጽሐፍ ስለ መምረጥ

በ2017 ዓ.ም. በጾመ ነቢያት መግቢያ ሰሞን፥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ በመገናኛ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት ሦስት መጻሕፍት በፌስታል ይዘው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በር ላይ ጠበቁን። አንደኛው መንግሥት ያዘጋጀው የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ ነበረ። ሁለተኛው ወንድማቸው ከአሜሪካ፥ ከቨርጂኒያ የላከላቸው፥ ክብደቱ ጡብ የሚያህል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲሆን በሽፋኑ ላይ «ፕሪ አልጀብራ» የሚል ተጽፎበታል፤ ይኸውም ከአልጀብራ በፊት የሚሰጥ ትምህርት ማለት ነው። ሦስተኛው ደግሞ በእግረኛ መንገድ ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ መጽሐፍ ነጋዴ የተገዛ፥ መልሱ ከበስተኋላው የታተመበት የመልመጃ ጥራዝ ነው። ሦስቱንም በድንጋዩ አግዳሚ ላይ ደርድረው፥ «መምህር፥ አንዱን ይምረጡልኝና ሁለቱን ለጎረቤት ልስጣቸው» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነበረ። ልጃቸው የ12 ዓመት ልጅ ናት። የ6ኛ ክፍልን ፈተና ካለፈች በኋላ የልብ ሕመም ተገኘባት፤ ይኸውም ከጉሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን ቫልቭ የሚጎዳው፥ በአገራችን ብዙ ሕፃናትን የሚያጠቃው ዓይነት ነው። ሕክምናው ከተደረገላት በኋላ ሐኪሞቹ ለአንድ ዓመት ያህል ደረጃ ከመውጣትና ከግፊያ እንድትጠበቅ አዘዙ። ትምህርት ቤቷ ደግሞ ፎቅ ነው፤ ጧት ጧት በመገናኛ ታክሲ ለመያዝ ያለውን ግፊያም የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ ዓመቱን በቤት ተቀምጣ እንድትማር ሆነ። እናቲቱ አማርኛውንም፥ የዜግነት ትምህርቱንም አልፈሩም፤ ሒሳቡን ግን ፈሩ። «እኔ ራሴ ትምህርት የጠላሁት ኤክስ የሚባለው ነገር ከመጣ ጀምሮ ነው» ሲሉ በግልጽ ነገሩን።

ይህ ፍርሃት የእርሳቸው ብቻ አለመሆኑን እናውቃለን። የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ ከመጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ተብሎ፥ በኋላም እስከ 2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ድረስ ተዘግተው ሳለ፥ ብዙ አባቶችና እናቶች ሳያስቡት የልጆቻቸው መምህራን ሆነው ነበር። በዚያ ወራት ወደ እኛ ይደወል ከነበረው ስልክ የሚበዛው ስለ ሒሳብ ነበረ፤ ይልቁንም ስለ 6ኛ፥ ስለ 7ኛና ስለ 8ኛ ክፍል ሒሳብ። በእነዚህ ክፍሎች ላይ ትምህርቱ ጠባዩን ይለውጣልና። ልጁ እስከዚያ ድረስ በሚያውቀው ቁጥር ሲደምርና ሲቀንስ ቆይቶ፥ አሁን ቁጥሩ በፊደል ተሰውሮ ይመጣበታል። አሜሪካውያን ለዚህ መሸጋገሪያ ራሱን የቻለ ስም ሰጥተው የአንድ ዓመት ትምህርት አድርገውታል፤ በእኛ አገር ግን ለብቻው ስም የለውም፤ በእነዚሁ ሦስት ክፍሎች መጻሕፍት ውስጥ ተበትኖ ይገኛል።

እኛ በዚያ እሑድ የሠራነውን ስሕተት ሳንሸሽግ እንናገራለን። መጻሕፍቱን ገለጥ ገለጥ አድርገን ካየን በኋላ፥ ልጅቱን ሳናይ፥ «የመንግሥቱን መጽሐፍ ይያዙ፤ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው በየቀኑ ሁለት ሁለት ገጽ ይሂዱ፤ ሌላው ትርፍ ነው» ብለን አሰናበትናቸው። ምክሩ በአፍ ሲነገር ያምር ነበር። ከገና በኋላ ግን ስልክ ደወሉልን። ልጅቱ መጽሐፉን ባየች ቁጥር ታለቅሳለች፤ እናት ይቈጣሉ፤ አባትም ሁለቱን ሲገላግሉ ያመሻሉ። ልቧ የታመመ ልጅ ናትና ልቅሶዋ ቤቱን ሁሉ ያስደነግጥ ነበር። ሁለት ወር ያህል በከንቱ እንደ ጠፋ ተረዳን፤ ያጠፋውም የእኛ ችኮላ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄድን። መስኮቱ ወደ መንገዱ የሚያይ በመሆኑ «አያት! ሰሚት! ገርጂ!» የሚለው የታክሲ ረዳቶች ጥሪ ከንጋት እስከ ምሽት አይቋረጥበትም። መጽሐፍ የሚባል ነገር አላስከፈትናትም። በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይህን ብቻ ጽፈን ሰጠናት፤

8 + 4 = □ + 5

ልጅቱ ሳትዘገይ በባዶው ሳጥን ውስጥ 12 ብላ ጻፈች። «እንዴት አወቅሽ?» አልናት። «ስምንትና አራት ዐሥራ ሁለት ነዋ፥ ቲቸር» አለችን። «አምስቱስ?» ብንላት ጥቂት አሰበችና ከመስመሩ መጨረሻ ላይ «= 17» ብላ ጨመረች።

አንባቢዎቻችን በዚህ እንዳትሥቁ እንለምናለን። ይኸው ጥያቄ በአሜሪካ አገር ለ145 የ6ኛ ክፍል ተማሪዎች ቀርቦ ውጤቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሞ ነበር፤ ከ145ቱ መካከል ትክክለኛውን መልስ፥ 7ን፥ የጻፈ አንድ እንኳ አልተገኘም። የሰጡት መልስ ልክ እንደዚህች ልጅ 12 እና 17 ነው። ምክንያቱም ልጆች በታችኞቹ ክፍሎች ሁሉ የእኩል ምልክትን የሚያገኙት ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ስለ ሆነ፥ «መልሱን እዚህ ጻፍ» የሚል ትእዛዝ አድርገው ይይዙታል። ምልክቱ ግን ትእዛዝ ሳይሆን ሚዛን ነው፤ በግራው ሳህን ያለው በቀኙ ሳህን ካለው ጋር ይተካከላል ማለት ነው። ይህን ያልጨበጠ ልጅ 3ሀ + 5 = ሀ + 17 የሚል ነገር በመጣበት ጊዜ መልሱን በየት በኩል እንደሚጽፍ ይጠፋበታል፤ ሚዛን መሆኑን የጨበጠው ግን ከሁለቱም ሳህን አንድ ሀ፥ ከሁለቱም ሳህን አምስት አንሥቶ 2ሀ = 12 ላይ ይደርሳል፤ ሀም 6 መሆኑን በራሱ ያገኛል።

አልጀብራ የሚለው ስም ራሱ ከዚህ ሥራ የወጣ ነው። በ820 እ.ኤ.አ. ገደማ በባግዳድ ይኖር የነበረው አል ኽዋሪዝሚ ስለዚህ ጥበብ በጻፈው መጽሐፍ ርእስ ላይ «አል ጀብር» የሚል ቃል ይገኛል፤ በዐረብኛ የተሰበረውን ወይም የጎደለውን ወደ ቦታው መመለስ ማለት ነው፤ የአጥንት ጥገናም በዚሁ ቃል ይጠራል። ስለዚህ አልጀብራን ለአገራችን ልጅ «የቁጥር ወጌሻ» ብንለው ከሥሩ አንርቅም። ልጅቱ ይህን ስትሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀች፤ አያቷ በገጠር ወጌሻ ነበሩና።

ወደ ፈተናችን እንመለስ። ሁለተኛው ጥያቄ ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ስንት ይሆናሉ የሚል ነበረ። ላዕልን ከላዕል፥ ታህትን ከታህት ደምራ ሁለት አምስተኛ አለች። በቤቱ ድፎ ዳቦ ነበረና አስመጥተን ግማሹን በአንድ ወገን አደረግን። «በዚህ ላይ ሲሶ ቢጨመርበት ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» አልናት። «ይበልጣል» አለች። «ሁለት አምስተኛ ግን ከግማሽ ያንሳል» ብንላት ዝም ብላ ዳቦውን አየች። ሦስተኛው ጥያቄ ከ3 ላይ 7 መቀነስ ነበረ፤ «አይቻልም» አለችን። አባትየው በሾላ ገበያ የቤት ዕቃ የሚሸጡ ነጋዴ ናቸውና በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገብተው፥ «እንዴት አይቻልም? ሦስት ብር ይዞ የሰባት ብር ዕቃ የወሰደብኝ ስንት ሰው በዱቤ መዝገቤ ላይ አለ!» አሉ። እኛ ስለ ኔጌቲቭ ቁጥር ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ሰጥተን አናውቅም።

ስለዚህ የልጅቱ ችግር ከ7ኛ ክፍል መጽሐፍ አልነበረም። የተሰነጠቁት ሦስት ድንጋዮች፥ ማለት የእኩል ምልክት፥ ክፍልፋይና ከዜሮ በታች ያለው ቁጥር፥ ከዚያ በፊት በነበሩት ክፍሎች የተቀመጡ ናቸው። በላያቸው የመንግሥቱም ሆነ የአሜሪካው መጽሐፍ ቢጫንባቸው የሚሆነው አንድ ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ የሚታየው ካለ፥ በመስከረምና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ያስታውስ፤ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ ሃምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፥ ማለት ከመቶ 3.3 ያህሉ ነበሩ። ይህ የሁሉም ትምህርት ድምር እንጂ የሒሳብ ብቻ አይደለም። ይሁን እንጂ በ12ኛ ክፍል የሚታየው መውደቅ በ12ኛ ክፍል እንዳልተጀመረ መምህራን ሁላችን እናውቀዋለን።

እንግዲህ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል የአማርኛ የሒሳብ መጻሕፍት ይምጡ አልን። ልጅቱ ግን እንቢ አለች። «የታናሽ ወንድሜን መጽሐፍ አላነብም» አለች። እውነቷን ነው፤ ልጅን ወደ ኋላ መመለስ ውርደት መስሎ ይታየዋል። እናቲቱ ግን ብልህ ሴት ናቸው፤ ሁለቱን መጻሕፍት በጋዜጣ ለብጠው፥ ክፍሉ እንዳይታወቅ አድርገው፥ በላዩ «የጥገና መጽሐፍ» ብለው ጻፉበት። የወጌሻው ነገር እዚህ ላይ ጠቀመን።

በዚህ ጊዜ ያሳደገንን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ማሰባችን አልቀረም። በንባብ ቤት ልጅ ፊደል ቈጥሮ ሲጨርስ በአንድ ጊዜ ዳዊት አይሰጠውም። አስቀድሞ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው እየጠራ በግዕዝ ያነባል፤ ቀጥሎ ውርድ ንባብ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ቁም ንባብ ያልፋል። አንድን ምዕራፍ በሦስቱም ሳይወጣው ወደሚቀጥለው አይሄድም። የኔታም ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠው፥ ሃያና ሠላሳ ልጅ በየፊናው ሲጮኽ፥ የአንዱን ልጅ የጠበቀና የላላ ንባብ ስሕተት በጆሮ ለይተው «መለስ በል!» ይሉት ነበር። መጽሐፉ ለሁሉም አንድ ነው፤ የሚለየው የሚያዳምጠው ጆሮ ነው። በእርግጥ ንባብ ቤት «ለምን?» ብሎ መጠየቅን አያበዛም፤ እርሱ የሚመጣው በቅኔ ቤት ነው፤ እኛም ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በገባን ጊዜ ሒሳብን በንባብ ቤት ልማድ በቃል ይዘን ብዙ እንደ ተቸገርን አንክድም። ነገር ግን ልጁን እያዳመጡ ማረምን የመሰለ ነገር ከዚያ በኋላ በየትም አላገኘንም።

ከዚህ የተነሣ ለእናቲቱ የሰጠናቸው ዋና ትእዛዝ መጽሐፍን የሚመለከት አልነበረም። ልጅቱ መልስ በሰጠች ቁጥር፥ ትክክልም ይሁን ስሕተት፥ «እንዴት አወቅሽ?» ብለው እንዲጠይቁና እስክትጨርስ ሳያቋርጡ እንዲያዳምጡ ነው። ይህን ለማድረግ አልጀብራ ማወቅ አያስፈልግም። በቀን አርባ ደቂቃ፥ ጧት፥ አእምሮዋ ሳይደክም፤ ከዚያ በላይ ለልቧም አይሆንም ነበር።

አሁን ስለ መጻሕፍቱ እንናገር፤ ብዙ ወላጆች የሚጠይቁን ይህንኑ ነውና።

ከቨርጂኒያ የመጣው መጽሐፍ የሳክሰን ነበረ። ጆን ሳክሰን ከአሜሪካ አየር ኃይል በጡረታ የወጣ መኮንን ሲሆን፥ በኦክላሆማ በአንድ ኮሌጅ ሒሳብ ሲያስተምር ተማሪዎቹ የተማሩትን ቶሎ ቶሎ እየረሱ ስላስቸገሩት የራሱን ዘዴ አዘጋጀ፤ የመጀመሪያው የአልጀብራ መጽሐፉም በ1981 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዘዴው በየቀኑ አንዲት ትንሽ አዲስ ነገር ይሰጥና የቀረው መልመጃ ሁሉ ካለፉት ትምህርቶች ይሆናል። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የነበረ ሰው ይህን ሲያይ የቀለም ክለሳን ያስታውሳል። እኛ ዘዴውን እንወደዋለን። ነገር ግን የመገናኛ ልጅ በፊት፥ በኢንችና በፓውንድ የተሞላ መልመጃ ስትጀምር ሒሳቡን ሳይሆን መለኪያውን ስታስብ ትውላለች። የአሜሪካ ሳንቲም «ኳርተር» ከዶላር ስንተኛው እንደ ሆነ የማያውቅ ልጅ ስለ ሳንቲሞች የተጻፈውን ጥያቄ ባይሠራ የሒሳብ ስንፍና አይደለም። ስለዚህ ከእርሱ የወሰድነው ሥርዓቱን ነው፤ በየቀኑ ከሚሠሩት ዐሥር ጥያቄዎች ሁለቱ አዲስ፥ ስምንቱ ያለፉ እንዲሆኑ አደረግን።

ከሲንጋፖር የመጣ ሌላ መንገድም አለ። ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚያ አገር በታተሙት የአንደኛ ደረጃ መጻሕፍት ልጁ በመጀመሪያ ዕቃውን በእጁ ይነካል፤ ቀጥሎ በሥዕል ያየዋል፤ በመጨረሻ በምልክት ይጽፈዋል። ያልታወቀውን ቁጥር በፊደል ከመጻፉ በፊት እንደ ረጅም አራት ማዕዘን ይሥለዋል። ለምሳሌ አንድ ወንድም ከእኅቱ 8 ብር ቢበልጥና ሁለቱ በአንድነት 40 ብር ቢኖራቸው፥ ልጁ ሁለት እኩል ሣጥን ይሥልና በአንዱ ጫፍ 8 ይቀጥልበታል፤ 8ቱን ሲቈርጠው 32 ይቀራል፥ እያንዳንዱም ሣጥን 16 ይሆናል። ይህ እንግሊዝኛ ለማያነቡ ወላጆች የተመቸ ነው፤ ሥዕል ቋንቋ አይጠይቅምና። መጽሐፉ ባይገኝ እንኳ ዘዴውን በደብተር መጠቀም ይቻላል። «አርት ኦፍ ፕሮብለም ሶልቪንግ» የሚባለው ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው መጽሐፍ ሒሳብን አስቀድሞ ለወደደና መፈተን ለሚፈልግ ልጅ መልካም ነው፤ ሲያለቅስ ለከረመ ልጅ ግን አንሰጠውም። ሰልማን ኻን የመሠረተው «ኻን አካዳሚ» ደግሞ ያለ ዋጋ የሚገኝ ሲሆን፥ ኢንተርኔት ባለበት ቤት ለአንድ ልዩ ርእስ ማስረጃ ይሆናል። ልጅን ከስልኩ ጋር ብቻውን ትቶ መሄድ ግን ማስተማር አይደለም፤ መምህሩ በስልኩ ውስጥ ይናገራል እንጂ አያዳምጥም።

የመንገድ ላይ ነጋዴው ጥራዝ የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት ነበረ። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ስለ ዋለ፥ ወላጅ አሮጌ መጽሐፍ ሲገዛ የታተመበትን ዓመት ሽፋኑን ገልጦ ይመልከት። ክፍልፋይ ግን በቀድሞውም በአዲሱም ያው ክፍልፋይ ነውና ጥራዙን አልጣልነውም። እናቲቱ መልሶቹ ያሉባቸውን ገጾች በመርፌና በክር ሰፉአቸው፤ ልጅቱ አምስት ጥያቄ ስትጨርስ አንድ ገጽ እየተተረተረ ይታያል። ይህን ዘዴ ከእርሳቸው ተምረን ለሌሎችም ነግረናል።

የመንግሥቱ መጽሐፍ እንዲቀር ግን አልመከርንም፤ ይልቁንም እርሱ ምሰሶው እንዲሆን አደረግን። በአዲስ አበባ የሚማር ልጅ በመጨረሻ የ8ኛ ክፍልን ከተማ አቀፍ ፈተና መቀመጥ አለበት፤ ፈተናውም የሚወጣው ከዚሁ ነው። ስለ ኢንቲጀር፥ ስለ ሬሾና ስለ መቶኛ፥ ስለ ቀጥተኛ እኩልዮሽ የሚያስተምረው ሁሉ ቅድመ አልጀብራ ከሚባለው አይጎድልም። ጉድለቱ ሌላ ነው። ልጆቻችን እስከ 6ኛ ክፍል ሒሳብን በአማርኛ ተምረው በ7ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ። ፊደሉ ኤክስ ቁጥርን ተክቶ በሚመጣበት በዚያው ዓመት ቋንቋውም ይለወጥባቸዋል፤ ሁለት ወንዝ በአንድ ጊዜ ይሻገራሉ ማለት ነው። ብዙው ልጅ ሒሳብ አልገባኝም የሚለው ጥያቄው ምን እንደሚል ስላልገባው ነው። ስለዚህ በአንድ ደብተር መካከል መስመር አስምረን፥ በአንድ ወገን «ላዕል»፥ በሌላው «ኑመሬተር»፤ በአንድ ወገን «ታህት»፥ በሌላው «ዲኖሚኔተር»፤ በአንድ ወገን «እኩልዮሽ»፥ በሌላው «ኢኩዌሽን» እያልን በየቀኑ ሦስት ሦስት ቃል እንድትጽፍ አደረግን። ጥያቄውን በእንግሊዝኛ ታነባለች፤ ለእናቷ በአማርኛ ትነግራለች፤ ከዚያ በኋላ ብቻ እርሳስ ታነሣለች። እስከ ፋሲካ ድረስ ከ200 የሚበልጡ ቃላት ተጻፉ።

አባትየውም ሥራ አልፈቱም። አንድ ማታ ዕቃ ያመጡበትን ደረሰኝ ይዘው ገቡ። ዋጋው ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር 460 ብር ነው፤ ታክሱም እንደሚታወቀው ከመቶ 15 ነው። «ታክሱ ሳይጨመር ዋጋው ስንት ነበር?» ብለው ጠየቋት። እርሷ የ460ን ዐሥራ አምስት በመቶ፥ 69ን፥ ቀንሳ 391 አለች። አባት ሣቁና፥ «400 ነው፤ በ115 አካፍለሽ በ100 ታባዥዋለሽ» አሉ። «ለምን?» ብትላቸው ግን መልስ አጡ፤ ለብዙ ዓመት ሲሠሩበት የኖሩት ነገር ነው። በማግሥቱ እናትና ልጅ ሣጥን ሥለው አገኙት፤ ያልታወቀው ዋጋ 100 እጅ ቢሆን፥ ታክሱ ሲጨመር 115 እጅ ይሆናል፤ 115ቱ እጅ 460 ከሆነ አንዱ እጅ 4 ብር ነው። ልጅቱ ታክሱ የተቈጠረው ከዋጋው ላይ እንጂ ከድምሩ ላይ አለመሆኑን ለአባቷ ስታስረዳ እናቲቱ ስልክ አንሥተው በዚያው ሰዓት ለእኛ ነገሩን።

አንድ ነገር ግን ሳንጠነቀቅ አለፍን፤ ሌላው ወላጅ እንዳይሳሳትበት እንጻፈው። ልጅቱ በቤት የተማረችበት ዓመት በትምህርት ቤቷ መዝገብ ላይ እንዴት እንደሚያዝ አስቀድመን በጽሑፍ አልጠየቅንም። በመጨረሻ ዓመቱ ሳይቈጠርላት ቀርቶ በመስከረም 2018 ዓ.ም. እንደ ገና 7ኛ ክፍል ገባች። እንዲህ ያለ ችግር ያገኘው ቤት መጽሐፍ ከመምረጡ በፊት ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ፥ የሐኪም ማስረጃውን አቅርቦ ይጠይቅ። እናቲቱ በዚህ አልወቀሱንም፤ እኛ ግን እናስበዋለን።

በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ልንሰናበታት በሄድን ጊዜ ልጅቱ የመጪው ዓመት ፋሲካ መቼ እንደሚውል አስተምሩኝ አለችን። ባሕረ ሐሳብ ለሕፃን አይሰጥም የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ማካፈልና ትርፍ መያዝ ለምታውቅ ልጅ ምንም አያቅታትም እንላለን። 5500 እና 2018 ሲደመሩ 7518 ይሆናሉ። በ19 ሲካፈል 395 ደርሶ 13 ይተርፋል። ከዚያ የሚገኘው ወንበር በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይሆናል፤ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ መጥቅዕ ይሆናል፤ አበቅቴና መጥቅዕም ሲደመሩ 30 ይሞላሉ። እኛ በወረቀቱ ላይ 13ን በ11 አባዝተን 143 አገኘን፤ በ30 ስንገድፈው 23 ተረፈ። 13ን በ19 አባዝተን 247፤ ስንገድፈው 7። «ይኸው 23 እና 7 በአንድነት 30 ሆኑ፤ ሥራችን ትክክል ነው» አልናት።

ልጅቱ በግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአዲሱን ዓመት የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ብታይ አበቅቴ 12፥ መጥቅዕ 18 ይላል። እኛ ለካ ከ13ቱ ላይ አንዱን ሳንቀንስ ቀርተን ነበር፤ ወንበሩ 12 ነው። አስተካክለን 132ን ስንገድፍ 12፥ 228ን ስንገድፍ 18 መጣ። 18 ከ14 ስለሚበልጥ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 ቀን እሑድ ነው፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት 25፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 25፥ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ቀን ሆነ። እኛ በዚህ ጨርሰን ወረቀቱን ልናጥፍ ስንል ልጅቱ ያዘችብን።

«ቆይ፥ ቲቸር። የተሳሳተውም 30 ሆነ፥ ትክክለኛውም 30 ሆነ። ለምን?»

እርሳሷን አንሥታ ለብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከውጭ ታክሲው ይጮኻል። ከዚያም ወንበሩን ሀ ብላ ሰየመችና ይህን ጻፈች፤

11ሀ + 19ሀ = 30ሀ

«ሀ ምንም ቁጥር ቢሆን ድምሩ ሠላሳ ሠላሳ ብቻ ነው፤ በሠላሳ ሲገደፍ ምንም አይተርፍም። ስለዚህ 30 መሙላቱ እኛ አለመሳሳታችንን አያሳይም» አለች። እኛም ባሕረ ሐሳብን ከልጅነታችን ጀምሮ ስናሰላ ይህን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

እናቲቱ ከጓዳ ቡና ይዘው ሲወጡ ወረቀቱን አዩና፥ «ይኼ ሀ ደግሞ ማን ነው?» አሉ።

«የፈለግሽውን ቁጥር አስገቢበት፥ እማዬ» አለቻቸውና እርሳሱን ሰጠቻቸው። እናቲቱ ረከቦቱን አስቀምጠው ተቀመጡና 5ን አስገቡ።